አስመራ ለሚሄዱ ጥቂት ምክር

በመጀመሪያ ይረጋጉ። ልደታ ማርያም አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ጥሩ ቦታ ላይ ነዎት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው እዚሁ ሰፈርዎ ካለው ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ዳግላስ ሲ-47 ነበር፤ ካይሮ ለመግባት አስመራ ላይ አርፎ አለፈ። እርስዎም በዚያው መስመር ነው የሚሄዱት። ቅደም ተከተሉ ብቻ ተቀይሯል፦ አስመራ ለመግባት ካይሮ ላይ ያርፋሉ።

ታክሲ ይያዙና ቦሌ ይሂዱ። የልደታው ማኮብኮቢያ ለጄት ስላልበቃ በረራው ወደዚያ ከዞረ ቆይቷል።

ካርታ አይዩ። አዲስ አበባና አስመራ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ አፍንጫውን ወደ ሰሜን ያቀና አውሮፕላን 700 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ዕውቀት መንገደኛን ከማበሳጨት በቀር አይረባም። እርስዎ 2,450 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ካይሮ ይብረሩ። ይውረዱ። ይጠብቁ። ሻይ ይጠጡ። ከዚያ 1,800 ያህል ወደ ደቡብ ይመለሱ። ስድስት እጥፍ ሆነብኝ ብለው ቅር አይበልዎ። ካይሮ ካልተመቸዎ ዱባይ አለ፤ ኢስታንቡልም አለ። ኢስታንቡል ራቅ ይላል፤ ቢሆንም ምርጫ መኖሩ ደግ ነው።

ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ስለሆነ 6 ሰዓት ይቀንሱ። ከዚህ ጉዞ ላይ በቀላሉ የሚቀነሰው እሱ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ራስዎን አያድክሙ። ቀጥታው በረራ ከ20 ዓመት መቋረጥ በኋላ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር አውሮፕላኑ ውስጥ ሻምፓኝ ተከፈተ። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዱ ኤርትራ ውስጥ ከአቅሜ በላይ የሆነ ችግር ገጠመኝ ብሎ አቆመ፤ እዚያ ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብም ታግዶበት ነበር። የባንክ ነገር የትልልቆች ነገር ነው። እርስዎ በርበሬውን በደንብ ይቋጥሩ፤ ሁለት አውሮፕላን ይቀይራል።

ለሠርግ ከተጠሩ ለቅልቅሉ ይድረሱ። ለቅሶ ከሆነ አይጣደፉ። ቀብሩ አይጠብቅዎትም፤ ለአርባው ግን፣ ቪዛውና ቲኬቱ ከተገጣጠመልዎ፣ ይደርሳሉ። አስመራ ያሉት አክስትዎ መንገድ የሚችሉ ከሆነ መሀል ላይ ቢገናኙ ሁለታችሁም ትድናላችሁ። የሁለቱ ከተሞች መሀል ላሊበላ አካባቢ መሆኑን ግን እንዳይነግሯቸው፤ አሮጊት ናቸው፣ ልሳለም ብለው ይነሣሉ። የቲኬቱ መሀል ካይሮ ነው። እዚያ ይቅጠሯቸው።

በመጨረሻም ቀኑ የሚቀየር ቲኬት ይግዙ። ይወደዳል፤ ግን እርስዎ ካይሮ ሻይ እየጠጡ ሳለ መንግሥታቱ ሊታረቁ ይችላሉ። ከታረቁ ደስ ይበልዎ፣ አክስትዎን ይሳሙ፣ ሳይጣሉም ቶሎ ይመለሱ።