አሁንም ወጡ አረረ

የበዓል ልዩ ፕሮግራም ይሁን የዘወትር ሲትኮም፣ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሠሪዎቻችን ሰው ማሳቅ ሲያቅታቸው ድስት ይጥዳሉ። ከውጭ አገር የመጣች ሙሽራ ወይም ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ማዕድ ቤት ትገባለች፣ ጭሱ ይትጎለጎላል፣ አማት ራሷን ይዛ ትጮኻለች፣ ዶሮው ከስሎ ይቀርባል። ይኸው ነው። እኛ ዘንድ ወሎ፣ መርሳ ከተማ ላይ ሻይ ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን ሥር የተቀመጠ ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀድሞ ይናገራል። እኛ ተሰላችተን አለቅን፤ እነሱን እንዴት አይሰለቻቸውም?

ማረሩስ ይረር፣ ሲሠሩት ማየቱ ነው የሚያንገበግበው። ሽንኩርቱ ድስት ከመግባቱ ቅቤው ይከተላል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ቅባት ሳይነካው ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ፣ ዶሮዋ 12 ብልት ወጥቶላት በስንት ውኃ እንደምትታጠብ የሚነግራቸው አንዲት እናት እንዴት ትጠፋለች? እንጀራውማ ጭራሽ! ማታ ተቦክቶ ጠዋት ይጋገራል። እርሾ የለ፣ አብሲት የለ፤ ሰፌዱ ላይ ሲወጣ ግን ዓይኑ ያማረ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው በሠራተኛዋ መሳቃቸው ነው። አነጋገሯን ወሎዬ ያደርጉና ማካሮኒ አይታ የማታውቅ አድርገው ያቀርቧታል። መርሳ ካለችበት ከሀብሩ ወረዳ ስንቷ ልጅ ናት ሳዑዲ የሰው ማዕድ ቤት የገባችው? ቋንቋውን ሳትሰማ፣ ሩዝና ሥጋ አብሮ የሚበስልበትን ካብሳ በምልክት ተምራ፣ በረመዳን ለቤት ሙሉ ሰው ሳምቡሳ ስትጠቀልል የኖረች ልጅ እኮ ናት። እዚያ ሩዙ ቢያርርባት የሚስቅላት የለም፤ ቁጣ አለ፣ ደመወዝ መቆረጥም አለ። ተመልሳ መጥታ ያንኑ ጭንቀቷን መሳቂያ አድርገው ያሳዩአታል።

የየአገሩ የአመጋገብ ልማድ፣ ለሚያውቅበት፣ ሞልቶ የተረፈ ጨዋታ ነበር። አሜሪካኖቹ እንኳ «ሲምፕሰንስ» በተባለው ካርቱናቸው እ.ኤ.አ. በ2011 እናትና ልጆችን «ትንሿ ኢትዮጵያ» የተባለ ሰፈር ወስደው እንጀራ አብልተዋቸዋል። መጀመሪያ ይፈራሉ፣ ኋላ በጣዕሙ ይማረካሉ። ባዕዱ ምግባችንን ሳያንቋሽሽ ማሳቅ ከቻለ የእኛዎቹን ምን ያዛቸው?

ደግሞም እኛ ዘንድ ልዩነት ለማየት ድንበር መሻገር አያስፈልግም። በአንድ ሠርግ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱ ይለያል፣ ወጥ ሠሪዎቹም ይለያሉ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾሙ ይታከልበታል። የአንዱ ጭልፋ ሌላው ድስት እንዳይገባ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። እዚያ ግርግር ውስጥ ስንት ሳቅ፣ ስንት መተሳሰብ አለ! ካሜራ ይዞ የመጣ ግን አላየንም። የፊታችን በዓልም ሲደርስ ልዩ ፕሮግራም ተብሎ ያው የሚጨስ ድስት እንደሚቀርብልን ከወዲሁ እናውቀዋለን።