ደግ ሰው ሂሳብ አይጠየቅም

ወሎ፣ ራያ ቆቦ ላይ ቤት ለሌለው ቤት የሚሠራ ኮሚቴ ሲቋቋም ከመሠረት ድንጋዩ ቀድሞ የሚቆመው ባነር ነው። ባነሩ ላይ የሊቀመንበሩ ፎቶ አለ፣ የምክትሉ ፎቶ አለ፣ የለጋሹ ስም አለ። የብር መጠን የለም። እንዲኖርም አይገባም። ብር ከተጻፈበት በጎነቱ ይረክሳል፤ የቆቦ ፀሐይም ቁጥር አይምርም።

ሰሞኑን ግን «ስንት ገባ? ስንት ወጣ?» የሚል አጉል ልማድ የያዛቸው ሰዎች በዝተዋል። ለኮሚቴዎቻችን ጥብቅና የሚቆም ስለጠፋ እኔ ልቁምላቸው።

ግልጽነት የለም የሚል ሰው የቁልፍ ርክክብ ቀን መጥቶ አያውቅም። ቤት የሚሠራላት እናት ገና ዝርዝር ውስጥ ለመግባት መታወቂያዋን አሳይታለች፤ ድሃ መሆኗን የሚመሰክር ደብዳቤ ከቀበሌ በማኅተም አስጽፋለች፤ ባሏ መሞቱን በምስክር አስረድታለች፤ ስንት ልጅ እንዳላት፣ ማን እንደሚጦራት፣ በደጇ ፍየል ይታሰር እንደሆነ ተጠይቃ መልሳለች። ዋሽታ እንዳይሆን ጎረቤትም ተጠይቋል። ቤቱ ሲያልቅ ቁልፉን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ ፎቶ ተነስታ ፌስቡክ ላይ ወጥታለች። ከዚህ ወዲያ ምን ግልጽነት አለ? የድህነቷ መዝገብ ዋሽንግተን ድረስ ተነቧል። የተሸፈነው የቤቱ ዋጋ ብቻ ነው፤ እሱም ለሷው ክብር ሲባል። «የተሠራልሽ በስንት ነው?» ቢሏት ምን ትመልስ?

ችግሩ የራያ ሰው ቆርቆሮ መቁጠር መቻሉ ነው። አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ጋደም ብለው ጣሪያውን ቀና ብለው ካዩ፣ ቆርቆሮውን፣ ምስማሩን፣ የግንበኛውን የቀን ዋጋ ደምረው ሲጨርሱ ቡናው ሁለተኛ አልደረሰም። ድምሩ ከተዋጣው ጋር አልገጥም ካላቸው ጥፋቱ የሳቸው ነው፤ የትራንስፖርት፣ የአበል፣ የመስተንግዶና የባነር ወጪ ከጣሪያ ላይ አይቆጠርም።

ወደ መኖሪያ ቤት ማኅበራቱ እንምጣ። አባላቱ ተደራጅተው፣ በማኅበሩ ስም ዝግ ሂሳብ ከፍተው፣ ቦታ ይጠብቃሉ። የባንኩ ብር እንደ ልብ አይነካም፤ ስለዚህ ስለሱ ማውራት ይሰለቻል። ደስ የሚለው በእጅ የሚሰበሰበው ነው። ለጉዳይ ማስፈጸሚያ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለመብራት መስመር፣ «ቢሮ ላሉ ልጆች ቡና»። ደረሰኝ የጠየቀ ሰው «አታምነንም እንዴ?» ይባላል፤ ከዚህ በኋላ አፉን ከፍቶ «አዎ» የሚል ጨዋ በአካባቢያችን አልተወለደም። የተሰበሰበው በዓመቱ መጨረሻ «ልዩ ልዩ» በሚል አንድ መስመር ይጠቃለላል። ከስሚንቶም ከብረትም በላይ ቤት የሚያስገነባው እሱ ነው፤ የማንን ቤት እንደሆነ ግን መስመሩ አይናገርም።

ሕግማ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ ሂሳብም በየዓመቱ ይመርመር ይላል። ተቆጣጣሪ ኮሚቴም ይመረጣል፤ ሰብሳቢው የሊቀመንበሩ አማች ሆኖ ከተገኘ መተማመንን ያጠነክራል እንጂ ምን ይጎዳል? በበጎ አድራጎት በኩልም አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከመቶ 20 አይለፍ ብሏል። በፊተኛው የ2001 አዋጅ 30 ነበር፤ ጊዜው ከብዷል። ደግነቱ ይኸኛው አዋጅ የፌዴራል ነውና አገር ውስጥ ድርጅቶችን የሚነካው በሁለትና ከዚያ በላይ ክልል ሲሠሩ ወይም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ሲሆኑ ነው። እዚሁ ቆቦ ዙሪያ ከአራዱም እስከ ጎብዬ የሚሠራው የኛ ኮሚቴ አዲስ አበባ ያለው ባለሥልጣን ሲመጣበት «እኔ የክልል ነኝ» ይላል፤ ክልሉ ሲመጣበት «ለፌዴራል አመልክቻለሁ» ይላል፤ ወረዳው ሲመጣበት ምሳ ይጋብዛል።

የመረጃ ነፃነት አዋጅም አለ፤ ቁጥር 590/2000። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እጁ ያለውን ሰነድ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይስጥ፣ እምቢ ካለ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባል ይላል። እንግዲህ ያች ቁልፍ የተቀበለች እናት፣ ኮሚቴው ለመንግሥት ያስገባውን ሪፖርት ለማየት አመልክታ ብትከለከል፣ በወልዲያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር አድርጋ ባሕር ዳር ደርሳ አቤት ማለት ትችላለች። ማን ከለከላት?

ደግሞ ብታመለክትም የኮሚቴው ሰነድ ተቃጥሏል። በዚህ ላይ መቀለድ አይገባም፤ የሰሜኑ ጦርነት በሐምሌ 2013 እና በነሐሴ 2014 ሁለት ጊዜ ቆቦ ገብቷል፣ ብዙ ሰው ሬሳ ቀብሯል፣ ቢሮ ተዘርፏል፣ ወረቀት በእውነት አመድ ሆኗል። እኔን ያስደነቀኝ ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 2015 ከተፈረመ በኋላ የተቋቋመ ኮሚቴ «ሰነዱ በጦርነቱ ተቃጠለ» ሲል ነው። ያልተጻፈ መዝገብ አስቀድሞ የሚያቃጥል እሳት እኛ ዘንድ ብቻ ነው ያለው።

ግልጽነት ምን እንደሚያመጣ ከአዲስ አበባ መማር ይበቃ ነበር። ከተማዋ በሐምሌ 2014 ከ25 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ዕጣ ባደባባይ አወጣች፤ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ተቀላቅሎ ተገኘና ዕጣው ተሰረዘ። ዕጣው በአንድ ሰው ሳሎን ወጥቶ ቢሆን ማን ሰምቶ ማን ይሰርዘው ነበር?

ባሕር ማዶ ያሉት ወንድሞቻችን ደግሞ ተበላሽተዋል። አሜሪካ ያለ የበጎ አድራጎት ማኅበር የዓመት ገቢው ከ50 ሺህ ዶላር ካለፈ ስንት እንደሰበሰበና በምን እንዳወጣ ለግብር መሥሪያ ቤቱ በቅጽ 990 ያቀርባል፤ ቅጹንም የፈለገ ሁሉ ያየዋል። (ከዚያ በታች ያለው ገንዘቡን የማይዘረዝር አጭር ቅጽ ብቻ ይልካል፤ የትናንሾች ወንድማማችነት ድንበር የለውም።) ስለዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ለቆቦ ችግረኞች የተዋጣው ብር አገሩን እስኪለቅ ለሁሉም ይታያል። ከአትላንቲክ ማዶ ለችግረኞቹ ከተላከ ወዲያ ይሰወራል። እንዳይታይ የተደረገው በስሙ ለለመኑበት ሰው ብቻ ነው።

«እኛ እኮ ትንሽ ነን፤ ኦዲተር ከየት እናምጣ?» ይላሉ ኮሚቴዎቹ፤ እውነታቸውን ነው። የሚያሳጣቸው ቅሬ፣ የወሎው ዕድር፣ ነው። የወሎ ቅሬ ኦዲተር የለው፣ ማኅተሙ ከጠፋ ቆይቷል፣ ዳኛው ምናልባት ፊርማውን በጣቱ ነው የሚያሳርፈው። ግን ሐዘን በደረሰ ጊዜ ማሽላው ሰው ፊት ይሰፈራል፣ ብሩ ሰው ፊት ይቆጠራል፣ ያልሰጠው ሰው ስሙ ይጠራል፤ የዛሬ አሥር ዓመት ማን ስንት ቁና እንደጎደለበት ዳኛው በቃሉ ይነግርሃል። እንዲህ ያለ ኋላ ቀር አሠራር አጠገባችን እያለ እንዴት ዘመናዊ መሆን ይቻላል? ቅሬዎች ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል።

ጠቅላላ ጉባኤ አይጠራም ብሎ የሚያማም አለ። ይጠራል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ። የኅሊና ጸሎት ይደረጋል፤ የክብር እንግዳው ይናገራል፤ ለክብር እንግዳው ምስጋና ይቀርባል፤ ለአመስጋኙም ይጨበጨባል። ሂሳቡ የመጨረሻ አጀንዳ ነው። እሱ ጋ ሲደረስ ግማሹ ሰው ውሃ ፍለጋ ወጥቷል፤ የቀረው እያላበው ያጨበጭባል፤ ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይላል።

ባለፈው አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው ወረቀቱን ለልጄ ላሳየው፣ ያንብብልኝ አሉ። ሊቀመንበሩ በትሕትና «እማማ፣ ይቀመጡ፤ መብትዎ ነው» አሏቸው። ሪፖርቱ አንድ ቅጂ ነው፤ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ገንዘብ ያዡ እጅ ነው። ገንዘብ ያዡ ሥልጠና ወልዲያ ሄዷል። የሥልጠናው ርዕስ «የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት» ነው፤ አበል አለው።