ለፍላሸር ጽሕፈት ቤት የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በዳሽቦርድ ሥር ለሚገኘው የፍላሸር ጽሕፈት ቤት
መተማ ዮሐንስ

ጉዳዩ፦ በርቶ ለሚታይ አምፖል የተሰጠው የሞት የምስክር ወረቀት እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

ፍላሸር ማለት ወደ ፍሬቻ አምፖሎች የሚሄደውን ኤሌክትሪክ በተወሰነ ጊዜ እያቋረጠና እየቀጠለ መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ አነስተኛ መሣሪያ ሲሆን፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡርነታቸው ከማብለጭለጩ ሌላ አንድ ተጨማሪ ሥልጣን አላቸው፤ ይኸውም ከአምፖሎቹ አንዱ ሲቃጠል ብልጭታውን እጥፍ ያህል በማፍጠን ለሾፌሩ መርዶ መንገር ነው። ሾፌር ወንበሩ ላይ ሆኖ የኋላ ፍሬቻውን ማየት ስለማይችል በዚህ ሥልጣን ላይ ማንም ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። ቅሬታው የሚነሣው ክቡርነታቸው አምፖል መሞቱን የሚያረጋግጡት ብርሃኑን አይተው ሳይሆን የፈጀውን ኤሌክትሪክ ለክተው በመሆኑ ነው።

በ12 ቮልት መኪና ላይ የሚገጠመው ነባሩ የፍሬቻ አምፖል፣ ማለትም ቀጭን የተንግስተን ክር አግሎ የሚያበራው፣ 21 ዋት ስለሚበላ 1.75 አምፔር ይስባል፤ የፊቱና የኋላው ሲደመሩም 3.5 አምፔር ይደርሳሉ። ኤልኢዲ የሚባለው አምፖል ግን የሚግል ክር የሌለውና ኤሌክትሪክን ሰሚኮንዳክተር በተባለ ጠጣር ቁስ ውስጥ በቀጥታ ወደ ብርሃን የሚለውጥ በመሆኑ፣ 3 ዋት የሚወስደው ዓይነት የሚስበው ሩብ አምፔር ብቻ ነው። ክቡርነታቸው በሆዳቸው ባለች ትንሽ መለኪያ በኩል ያለፈውን መጠን ያዩና አምፖሎቹ ከበፊቱ ደምቀው እያበሩ ሳለ «ሞተዋል» ብለው ይፈርማሉ። ሰኔ 30 ሲቃረብ የመሥሪያ ቤት ትጋት በፈጀው በጀት መቶኛ ሲመዘን የታዘበ ዜጋ በዚህ አሠራር ብዙም አይደነቅም፤ ሥራውን ጨርሶ የተረፈውን ገንዘብ የመለሰ ሠራተኛ ከሟች መዝገብ ሲገባ ማየት ግን ለለመደውም ቢሆን ትንሽ ይከብዳል።

በምዕራብ ጎንደር ቆላ ጉዳዩ ከቀልድ ያልፋል። ሰሊጥ በሚጓጓዝበት ወራት ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ እርሻዎች በሚያስገቡ ጥርጊያ መንገዶች የሚመላለስ የጭነት መኪና ሲርገፈገፍ ስለሚውል የአምፖሉ ክር ቶሎ ይበጠሳል፤ ክር የሌለውን ኤልኢዲ ያስገጠመ ባለንብረትም የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ መብራት ደንብ ቁጥር 48 ፍሬቻ በደቂቃ 90 ጊዜ፣ ቢበዛ 120 ቢያንስ 60 ጊዜ፣ እንዲበራ ያዛል፤ ክቡርነታቸው ሲደናገጡ ይህን ጣሪያ ስለሚያልፉት የኋላው ሾፌር የሚያየው የመታጠፍ ምልክት መሆኑ ቀርቶ ጭንቀት ይሆናል። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም.፣ ሱዳንም በ1965 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስለተሸጋገሩ ከመተማ ወደ ጋላባት የሚያልፍ ሾፌር መስመር መቀየር አያስፈልገውም፤ ሁለት መንግሥታት መንገድ ሙሉ መኪና ከነልማዱ ማዛወር ሲችሉ አንድ ፍላሸር አንድ አምፖል መቀበል ተስኖታል።

ክቡርነታቸውን ለማለዘብ በገበያ የተለመደው ዘዴ ከአምፖሉ ጎን ለጎን ሬዚስተር ማሰር ሲሆን፣ ሬዚስተር ማለት ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት ብቻ የሚለውጥ፣ አንዲት ጭላንጭል እንኳ የማይሰጥ ዕቃ ነው። የተለመደው ባለ 6 ኦም ሬዚስተር በ12 ቮልት 24 ዋት ስለሚፈጅ፣ 18 ዋት ለመቆጠብ አምፖል የቀየረው ባለንብረት 24 ዋት የሚበላ፣ ፊርማው ብቻ በደመወዝ መዝገብ ላይ የሚታይ ሠራተኛ ቀጠረ ማለት ነው። ክቡርነታቸው ሒሳቡ ሞላ ብለው ይረጋጋሉ። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመተማ ግን ይህ ሠራተኛ ከመኪናው ብረት ጋር በብሎን ካልታሰረ የሽቦውን ልባስና በአጠገቡ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። በ24 ቮልት በሚሠሩት የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ ያው 6 ኦም 96 ዋት ይፈጃል፤ 50 ዋት ለሚችል ዕቃ ይህ የእሳት ግብዣ ስለሆነ፣ የግድ ከተባለ 25 ኦም ገደማ ያለው መፈለግ አለበት። «ካንባስ» ተብለው የሚሸጡት ኤልኢዲዎችም ብዙ ጊዜ ይኸንኑ በላተኛ በሆዳቸው ደብቀው የያዙ ናቸው።

ለፍትሕ ሲባል መገለጽ ያለበት ነገር የክቡርነታቸው አያቶችም ከነቀፋ ነጻ አለመሆናቸው ነው፤ ሁለት የተጣበቁ ብረቶች በሙቀት ሲጎብጡ መስመሩን ያቋርጡ የነበሩት ጥንታውያን ፍላሸሮች የኤልኢዲው ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለማያሞቃቸው መብራቱን አብርተው ዝም ይላሉ። እነርሱ በስንፍና፣ የአሁኑ በጥድፊያ አንድ ስሕተት ይሠራሉ።

ስለዚህ የሚጠየቀው ክቡርነታቸው በክብር ጡረታ ወጥተው፣ ጊዜን በራሱ ቆጣሪ እንጂ በአምፖሉ ፍጆታ የማይለካ፣ ለኤልኢዲ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር በቦታቸው እንዲተካ ነው። ተተኪው የመኪናውን ቮልት የሚመጥን መሆን አለበት፤ እግሮቹም ከአሮጌው ጋር መመሳከር አለባቸው፦ ብዙ ጊዜ 49 ኤሌክትሪክ የሚገባበት፣ 49ኤ ወደ ፍሬቻ የሚወጣበት፣ 31 ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው ሲሆኑ፣ አሮጌው ባለ ሁለት እግር ከሆነ ለ31 አዲስ ሽቦ መሳብ ያስፈልጋል። ፍሬቻቸውን ኮምፒውተር የሚያዝላቸው አዳዲስ መኪኖች የሚነቀል ሹም ስለሌላቸው ማስተካከያው በፕሮግራም ነው።

ክቡርነታቸው ሲሄዱ መርዶ ነጋሪነቱም አብሮ ይሄዳል፤ ተተኪው ፍላሸር አምፖል ቢሞትም ባይሞትም በዚያው ፍጥነት ይቆጥራልና።

ግልባጭ፦
// ለጭነት መኪና ረዳቶች፣ ከጉዞ በፊት መኪናውን ዞረው ፍሬቻውን በዓይናቸው እንዲያዩ
// ለሬዚስተር፣ ከደመወዝ መዝገብ መሰረዙን እንዲያውቅ