በገበያ ቀን የተጠራ ስብሰባ

ተረት ተረት። የላም በረት ስትሉኝ በረቱን ይፋግ አድርጉት፤ ላሟም የፎገራ ትሁን፣ ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንደ አጭር። ይፋግ ያኔ የእንስሳት ከተማ ነበረች።

ጎንደር ላይ ነገሥታት በነበሩበት ዘመን ይፋግ ስሟ የገነነ ገበያ ነበረች፤ አሞሌ የጫነ ነጋዴ ሳያርፍባት አያልፍም። ያን ሁሉ ጨው ያመላለሰው እግር ነው። መንገዱን የቀየሰችውም አህያ ናት እንጂ መሐንዲስ አይደለም። የፎገራ ሜዳ ዋልካ አፈር ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጥና የረገጠውን ይውጣል። አህያ የቱ ጋ እንደሚውጥ፣ የቱ ጋ እንደሚያሳልፍ በሰኮናዋ ታውቀዋለች። እሷ የረገጠችውን በቅሎ ረገጠ፣ በቅሎ የረገጠውን ሌላው ተከተለ፣ መንገድ ሆነ።

ቆይቶ አስፋልት መጣ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ፣ በይፋግና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር የሚገባው ነው። መሐሉን አይሱዙ ያዘው፣ ጠርዙን ባጃጅ ያዘው፤ ከጠርዙ ቀጥሎ ዲች፣ ከዲቹ ቀጥሎ የቤት ደጃፍ። ለእግር የተረፈችው በባጃጁ ጎማና በዲቹ አፍ መካከል ያለች ስንዝር መሬት ናት፤ እሷም ላይ ሽንኩርት ይሸጥባታል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው አይለቅም። አንድ ሲራመዱ ሰኮና ላይ አንድ ጫማ ይደረባል፣ ሁለት ሲራመዱ ሌላ ጫማ። በእንጨት ፍቀው ይጥሉታል፣ ዲቹን በጣውላ ይሻገራሉ፣ ከጣውላው ማዶ እንደገና ይጫሙታል።

ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው አያ ጉማሬ ነው። ቀን ቀን ጣና ውስጥ አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ይውላል። ቢሮ የሚገባውም ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን አስነድቶ፣ በአንዱ ፊቱን በአንዱ ኋላውን አስጭኖ ነው። እሱ አንድ ጊዜ ለልምድ ልውውጥ አዲስ አበባ ተላከ። እዚያ ምን ነገሩት? ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. መኪና ከዋና ዋና ጎዳናዎች ታግዶ፣ «መንገድ ለሰው» ተብሎ፣ ሕዝቡ አስፋልት ላይ ሲሮጥና ኳስ ሲያንከባልል እንደዋለ ነገሩት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠራውንም ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር አሳዩት። ያየው እውነት ነው፤ በዚያ ንጣፍ ላይ ማታ ማታ የሚንሸራሸረውን ሕዝብ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ቤቱ የፈረሰበት ነዋሪ በዚያው ንጣፍ ላይ ሲያልፍ ምን እንደሚያስብ ግን አያ ጉማሬ አልጠየቀም። እኔም ተረት ነጋሪ ስለሆንኩ አልፈዋለሁ።

«እኛስ ከማን እናንሳለን!» ብሎ ተመለሰ። በማግስቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ የከተማችንን መዝናኛና የእግር መንገድ ለማሻሻል የነዋሪዎች ሐሳብ ማሰባሰቢያ ስብሰባ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በአዳራሹ፣ አበል አለው። የተመረጠው ቀን የገበያ ቀን ነበር።

አበል ስላለው አዳራሹ ሞላ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እመት ጦጢት ናት፤ የጣሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች፣ ከዚያ አትወርድም።

መጀመሪያ የተነሣው አቶ ባጃጅ ነው። «ክቡር ሰብሳቢ፣ ሰው በእግሩ የሚሄደው ባጃጅ ስላነሰ ነው። ባጃጅ ይብዛ፤ ያኔ የእግር መንገድ የሚል ጥያቄ ራሱ ይጠፋል» አለ። ተጨበጨበለት።

አውራ ዶሮ አደባባዩ ላይ ትልቅ ስክሪንና ሞንታርቦ ይተከል አለ። እንቁራሪት ዲቹ እንዳይነካ ለመነች፤ ለእሷ ከዲች የተሻለ መዋኛ የለም። አያ ጅቦ ደግሞ የመንገድ መብራትን ነገር አነሣ። ድምፁ የለሰለሰ ነው። «ወንድሞቼ፣ በጀታችንን እንወቅ። መብራት ወጪ ነው። ጨረቃ እያለችልን ለምን እናባክናለን? የማታ ጨለማ የከተማችን ጌጥ ነው፣ ቅርስ ነው» አለ። በግና ፍየል ቀና ብለው ተያዩ፤ ማንም ግን አልተቃወመውም። ለነገሩ ንግግሩ ሲሰሙት ቁጠባ ይመስላል።

ከአውሮፓ ብርድ ሸሽታ የመጣችው ሽመላም ዕድል ተሰጣት፤ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ሲባል አዳራሹ ሁሌም ጆሮውን ይሰጣል። ኮፐንሃገን የምትባል የዴንማርክ ከተማ በ1955 ዓ.ም. አንድ ረጅም የገበያ ጎዳናዋን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ መስጠቷን አወራች። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ገበያችን ሞተ ብለው ፈርተው እንደነበር፣ በኋላ ግን በእግሩ የሚመጣ ደንበኛ ቆሞ ስለሚያይ ገበያው እንደደራላቸው ተናገረች። እዚህ ላይ አቶ ባጃጅ አቋረጣት፤ «እመቤቴ፣ እሱ የእነሱ ባህል ነው፣ ለእኛ አይሆንም»። የይፋግ ባህል በእግር መሄድ እንደነበረ በዚያ አዳራሽ ያስታወሰ አልተገኘም።

ረጅም ንግግር ያደረገው የፎገራ በሬ ነው፤ እኔም ከሁሉም የእሱን አደምጣለሁ። «እናንተ ስለ መዝናኛ ታወራላችሁ» አለ። «እኔ መዝናኛ ነበረኝ። ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ወንዝ ያለው ሜዳ የጋራ ግጦሽ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ይመጣል፣ ጥጃ ሲቦርቅ ይውላል፣ እረኛ ገና ሲጫወት ያመሻል። አጥር የለ፣ ትኬት የለ። ከዚያ ሩዝ መጣ። ሩዙን አልጠላውም፤ ስንቱን ቤት ቆርቆሮ አልብሷል፣ ገለባውንም እበላለሁ። ነገር ግን ሜዳው በካሬ በካሬ ተከፋፍሎ ኤክስ ጅግና የሚሉት የሩዝ ዘር ተዘርቶበት ሲያልቅ፣ ከዚህ ውስጥ ለመቦረቂያ ይቺን እናስቀር ያለ ሰው አልነበረም። ዛሬ ዘመዶቼን ማየት የፈለገ አንዳሳ የምርምር ጣቢያ ይሂድ። አዲስ መናፈሻ ሥሩልኝ አልልም፤ የቀረችውን ሜዳ አትሽጡብኝ።»

ዝም ተባለ። አያ ጉማሬ ሰዓቱን አየና «ጥሩ አስተያየት ነው፤ በአጭሩ ያዥው» አላት ጦጢትን። ጦጢትም «በሬ፦ ሣር» ብላ ጻፈች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከከተማው ግማሹ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። በአዳራሹ መስኮት ሥር እያለፈ ነበር። እህል የጫነ፣ ማገዶ የተሸከመ፣ ዶሮ በክንድ ያንጠለጠለ፣ ልጅ ያዘለ፣ በዚያች ስንዝር መሬት ላይ በሰልፍ ወደ ገበያ ይወርዳል። ስለ እግር ሲመከር እግረኛው ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። እመት አህዪት ሁለት ጆንያ ሩዝ ጭና መስኮቱ ጋ ስትደርስ ድምፅ ሰማችና አንገቷን አስገባች።

«ምን እየመከራችሁ ነው?»

«ስለ እግር መንገድ» አለቻት ጦጢት ከላይ ሆና። «ሐሳብ ካለሽ ቶሎ በይ፣ ልንዘጋ ነው።»

አህዪት አሰበች። «ለዲቹ ከጣውላ ይልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ከድንጋዩ አጠገብ አንድ ዋርካ፤ ሾላም ቢሆን ይሁን። ከዛፉ ሥር ደግሞ ወገብ የሚደርስ ካብ።»

«ካቡ ለምንድን ነው?»

«ሸክም ማሳረፊያ። የተሸከመ ሰው መንገድ ላይ ማረፍ ቢፈልግ የሚያወርድለት ሁለት ሰው ይሻል፣ መልሶ ለማንሣትም ሁለት። ወገብ የሚደርስ ካብ ካለ ግን ጀርባውን አስጠግቶ በራሱ ያሳርፋል፣ በራሱም ተሸክሞ ይነሣል። መሐል መሐሉ ላይ እንዲህ ያለ ካብ ቢኖር የዛሬው መንገዴ ግማሽ ይሆን ነበር።»

አዳራሹ ሳቀ። አውራ ዶሮ «እመት አህዪት፣ እኛ የያዝነው የመዝናኛ አጀንዳ ነው፤ ይህ የጭነት ጉዳይ ነው» አላት።

«እኔ ተዝናንቼ አላውቅም፤ የማላውቀውን ነገር እንዴት ብዬ ልንገርህ?» አለችው። «የማውቀው ማውረድን ነው።» ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ገፋትና አለፈች።

ጦጢት ሐሳቡን ጻፈችው፤ ይህን አልክድባትም። የጻፈችው ግን «የተለያዩ» ከሚለው አጀንዳ ሥር ነው። ቃለ ጉባኤ አንብቦ የሚያውቅ ሰው ያ ቦታ ምን እንደሆነ ይገባዋል።

መናፈሻው በሰኔ ተመረቀ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በባጃጅ ካልሆነ የማይደረስበት ቦታ ላይ ነው፤ የበሬው የመጨረሻ ሜዳ። ዙሪያው ታጠረ፣ በር ወጣለት፣ መግቢያው በክፍያ ሆነ፤ ሣሩ ላይ «መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ጥበቃ ተቀጠረለት፤ አያ ጅቦ። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ደግሞ፣ ፎቶ የሚነሣበት ያህል ርዝመት፣ ቀይና ቢጫ ንጣፍ ተነጠፈ። ዋልካው ተቆርጦ ወጥቶ ገረጋንቲ ሳይሞላበት፣ ሳይጠቀጠቅ፣ እንዲሁ ከላይ። ከተማው መሐንዲስ አጥቶ አይደለም፤ የምረቃው ቀን ስለደረሰ ነው።

ሐምሌ ገባ። ርብ እንደ ልማዱ ከአፉ ወጣ፤ ደግነቱ እንደ 1998ቱ ክረምት ነዋሪ ከቤቱ አላፈናቀለም። ዋልካው ውሃውን ጠጣ፣ አበጠ፣ ንጣፉን አንዱን ወደ ላይ ገፋ፣ ሌላውን ወደ ታች ዋጠ። ነዋሪው ንጣፉን ትቶ በአስፋልቱ ጠርዝ መሄድ ጀመረ። ወክ ማድረግ የፈለገም ማምሻውን ወደ መናፈሻው አልሄደም። ዝናቡ ጋብ ሲል ወጣቱም ሽማግሌውም ወደ ርብ ዳር ይወርዳል፣ በዚያችው በጥንቷ የአህያ መንገድ፤ እየተጫወተ ሄዶ እየተጫወተ ይመለሳል፣ ጅቦ ከመውጣቱ በፊት።

መስከረም ጠብቶ ፀሐዩ በረታ፣ ጭቃው ግን ገና አልደረቀም። ጉማሬ ሣር የሚግጠው ማታ ነው፤ አንድ ሌሊት አያ ጉማሬም ከሐይቁ ወጥቶ በገዛ ከተማው ውስጥ በእግሩ ዞረ። መብራት የለም። አዳራሹ ፊት ለፊት ያለችውን ጣውላ ረገጠ። ጣውላዋ ለፍየል የተበጀች ነበረች።

ሲነጋ አያ ጉማሬ ዲቹ ውስጥ እንደ ቡሽ ተወትፎ ተገኘ። አቶ ባጃጅ በገመድ ሊስበው ሞከረ፣ ገመዱ ተበጠሰ። ያው የገበያ ቀን ነውና የእመት አህዪት ሰልፍ ደረሰ። ለመሳብ መጀመሪያ ሸክም መውረድ አለበት፤ ለማውረድ ሁለት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ የወረደውን ጭቃ ላይ ማኖር አይቻልም፣ ስለዚህ አንዱ ይዞ ይቆማል። ይህን ሲያዳርሱ ረፈደ። አውጥተውት ሲያበቁ ደግሞ ሸክሙን መልሶ ማንሣት መጣ፣ አሁንም ሁለት ሁለት ሰው። አያ ጉማሬ ዲቹ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሁሉንም አየ። አንድ ጊዜም ሰዓቱን አላየም፤ ሰዓቱ ዲች ውስጥ ቀርቷል።

«በጭቃ አልጭንዎትም ጋሼ፣ ወንበሬ ይበላሻል» አለው አቶ ባጃጅ። ስለዚህ አያ ጉማሬ ከሰልፉ ጋር በእግሩ ወረደ። ጥቂት እንደሄደ ቆዳው ነደደ፤ ጥላ ፈለገ፣ ዛፍ የለም። መቀመጫ ፈለገ፣ የለም። ዲቹን አየና አንገሸገሸው። ቢጨንቀው አስፋልቱ መሐል ላይ ተዘረጋ፤ ለእሱ ስፋት የሚበቃ ሌላ ቦታ አልነበረም።

ከወረታ በኩል የመጣው አይሱዙ ቆመ። ከአዲስ ዘመን በኩል የመጣውም ቆመ። ከኋላቸው አውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ ኋላ ባጃጅ፤ ጥሩምባው ቀለጠ፣ አያ ጉማሬ ግን እንቅልፍ ወስዶታል። በሁለቱ ሰልፎች መካከል ያለው አስፋልት ባዶ ቀረ። መጀመሪያ አንድ ጥጃ ገብታ ዘለለች። ጫጩቶች ተከተሏት። ግልገሎች ከየደጃፉ ወጥተው ይሯሯጡ ጀመር፤ የጨርቅ ኳስም ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መጣ። እማማ ኤሊም ከቤታቸው ወጡ። አስፋልቱ ከተሠራ ወዲህ ከማዶ ያለችውን እኅታቸውን አይተዋት አያውቁም፤ ለመሻገር የሚፈጅባቸውን ጊዜ የሚሰጥ ሾፌር አልነበረማ። ቀስ እያሉ ነጩን መስመር አለፉ፣ ኳሷን እግራቸው ሥር አግኝተው ቆም አሉና ትንሽ ገፋ አደረጓት።

እመት ጦጢት በጣሪያ በጣሪያ እየዘለለች ደረሰች። «አያ ጉማሬ! አያ ጉማሬ! ይህን በየትኛው አጀንዳ ልያዘው?»

አያ ጉማሬ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ያቺ አህያ ያን ቀን ምን ነበር ያለችው? ካብ ነው ምናምን…»

ጦጢት ገጽ ገለባበጠች። የተለያዩ የሚለው ቦታ ክረምቱን ጣሪያው አፍስሶበት ቀለሙ ለቋል። ቀና ብላ አየች፤ አህዪት ሁለት ጆንያዋን ይዛ ርቃ ሄዳለች።

«እመት አህዪት! ቁሚና ሐሳብሽን ድገሚልኝ!»

«አልቆምም፣ ገበያው ሊበተን ነው» አለች አህዪት ሳትዞር። «ወርደሽ እየሄድሽ ጻፊ።»

ጦጢት ወዲያና ወዲህ አየች። ጣሪያው እዚያ ላይ ያልቃል፣ የምትንጠላጠልበት ዛፍ የለም። ብዕሯን በጥርሷ ነክሳ ወረደችና ጭቃው ውስጥ ገባች።