ጤና አዳሙስ ለቡና ነው፤ ጣቱ ለማን ነው?

«ቡዳ የሚፈራው ጤና አዳምን ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ከተጨመረበትማ ደጁንም አይረግጥ!» ይላሉ አንዲት እናት ደላንታ፣ ወገል ጤና ገበያ ላይ፣ እስሩን ከመደቡ አንስተው እያሸተቱ።

እትዬ፣ ቅጠሉን እኔም እወደዋለሁ። በደላንታ ብርድ፣ ማለዳ ከጀበና በወረደ ቡና ላይ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ነከር ሲያደርጉት ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ፍሬው በርበሬ ውስጥ ሲገባ ወጡን ያሳምረዋል። ከቅጠሉ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ቅጠሉ ከተወቀጠ በኋላ ከሚቀሰረው ጣት ጋር ነው።

ነገሩን ያየ ያውቀዋል። ልጅ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ወይ ዓይኑ ተገልብጦ ይንቀጠቀጣል። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ተደቁሶ አፍንጫው ሥር ይያዛል፤ ግዛዋ ይታጠናል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፦ «ማን ነህ? ከየት አገኘኸው? ተናገር!» ጭስ ያፈነው ልጅ ምን ምርጫ አለው? ይለፈልፋል። የሚጠራውም ስም ቀድሞ የታወቀ ነው፤ ከመንደሩ ዳር ያለችው ሸክላ ሠሪ፣ ወይ ወናፍ የሚነፋው ቀጥቃጭ። መቶ በግ ያለው ባላገር በልፍለፋ ተጠርቶ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው።

«ልጁ ራሱ አፍ አውጥቶ ተናገረ እኮ!»

ልጁ የተናገረው እናንተ እሳት ዳር ስታወሩ የሰማውን ነው። «በዚያች ሴት ደጅ አትለፍ» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ሲጨነቅ የማንን ስም እንዲጠራ ትጠብቃላችሁ?

«በአንገቱ ያሰርንለት ክታብ ባይኖር ይኼኔ አልቆልን ነበር።»

አያ፣ እስቲ ክታቡን ያዙትና እንየው። በጥቁር ክር የተንጠለጠለች ትንሽ የቆዳ ከረጢት ናት፤ በውስጧ የደረቀ ጤና አዳም፣ ጥቂት ፌጦ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት አለ። ቆዳውን ያለፋው ማን ነው? ፋቂው። ቆዳው የተቆረጠበትን ቢላ የሠራውስ? ቀጥቃጩ። ልጁ የተጠቀለለበትን ጋቢ የሸመነው ሸማኔው ነው፤ ቡናው የተፈላበትን ጀበና ያበጀችው ደግሞ ያቺው ሸክላ ሠሪ። ልጃችሁን ከነሱ ዓይን ለመሰወር እነሱ በሠሩት ሸፈናችሁት! እጃቸው ይህን ያህል የሚታመን ከሆነ ዓይናቸው በምን ተጠላ?

«የአባቶቻችንን እምነት አትንካ።»

ከአባቶችም አባት አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው መሳደብ ከለከሉ፤ እንቢ ያለ እንደሚታሰርም አስጠነቀቁ። ራቅ ብለን እንሂድ ካላችሁም ላሊበላ ቅርባችን ናት። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉት በብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ያለ ቀጥቃጭ አይሳልም። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት፣ ይህንኑ የደላንታን አምባ አቋርጦ ያለፈው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም የጋፋት ሠራተኞች እጅ ሥራ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም የደላንታ ኦፓል በዓለም ገበያ ስሙ ሲጠራ፣ ልጆቻችን ገደል ውስጥ ገብተው የሚቆፍሩት በዶማና በመዶሻ ነው። ዶማውን የቀጠቀጠውን ሰው ማዕድ ላይ አብራችሁት ትቀመጣላችሁ?

«ፈረንጅ ይህን ጥበብ መቼ አውቆት!»

ያውቀዋል እንጂ። የናፖሊ እናቶች የጤና አዳምን ዘለላ በብር አሠርተው፣ ቺማሩታ ሲሉ ሰይመው፣ ሕፃናትን ከክፉ ዓይን ይጠብቅ ብለው ያንጠለጥሉ ነበር። የሮማንያ ገበሬም በነጭ ሽንኩርት በርና መስኮቱን ይቀባ ነበር። ስለ ልጅ መፍራት የአገሩ ሁሉ ነው። እናት ሌሊት ልጇ ሲያተኩስባት ያገኘችውን ብታንጠለጥል አልፈርድባትም፤ ፍርሃቷ እውነተኛ ነው። የምፈርደው ፍርሃቷን ይዞ ወደ ጎረቤት ቤት በሚመራት ሰው ላይ ነው።

«ቅጠል ነው፤ ቢያንስ ጉዳት የለውም።»

የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ ለስላሳ የሕፃን ገላ ደግሞ ይብስበታል። ነፍሰ ጡር በብዛት ከጠጣችው ማሕፀን ያኮማትራል። ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ጭስ ማለት አየር መንሳት ነው። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ዙሪያውን ክፈቱለት፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ የሚጥል በሽታም ሊሆን ይችላል። ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል የሚባል ኪኒን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ ሲሰጥ ኖሯል፤ ውድ መድኃኒትም አይደለም። ልጁ ግን «ማን በላህ?» እየተባለ ሦስት ቀን ጭስ ውስጥ ሲከርም፣ ለኪኒኑ የሚሆነው ጊዜ ያልቃል። ያቺ ሸክላ ሠሪም ሦስቱን ቀን ደጇን ዘግታ ትቀመጣለች፤ የራሷ ልጅ ቢታመም እንኳ ይዛው ለመውጣት ትፈራለች። የሷ ልጅ ሲታመም ማን በላው እንበል?

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጤና አዳም ገዝቼ ልጣለው ነው?»

ማን ጣሉት አለዎት፣ እትዬ? ከበርበሬው ጋር ይውቀጡት፣ የቀረውን ጓሮ ይትከሉት። ዛሬ ቡና ሲያፈሉም ዘለላውን ሲኒው ላይ ጣል ያድርጉና ጀበናውን የሠራችውን ሴት «ነይ፣ ቡና ጠጪ» ብለው ይጥሯት። እናንተ በጠጣችሁበት ሲኒ ነው ታዲያ፤ ለብቻ በተቀመጠላት ጣሳ እንዳይሆን።