ባለ ሦስት ፌዝ ምክር

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ገርጂ ይሁኑ ሰሚት፣ አያት ይሁኑ ጎሮ፣ የሚቀሰቅስዎ ድምፅ ያው ነው፤ «ቆራሌው!» ጎረቤትዎ ባዶ ጠርሙስና ያለቀለት ጫማ ይዞ ለመሸጥ ይወርዳል። እርስዎ ግን ለመግዛት ይውረዱ። በቆራሌው ማዳበሪያ ውስጥ፣ ከተጨራመተ ድስት ሥር፣ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ግራጫ ሞተር ያያሉ። ልብዎ ድንግጥ ይበል።

«ጋሼ፣ ይሠራል እኮ፤ ሲዞር ይዩት» ይላል ልጁ ዘንጉን በጣቱ እያሾረ። ይመኑት። በጣት የሚዞር ሞተር ሁሉ ይሠራል። እርግጥ ነው የተቃጠለውም በጣት ሲነኩት ይዞራል፣ ግን ይህን አሁን ማንሳት ገበያ ማበላሸት ነው። ጠጋ ብለው አያሽቱት። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ሳሎን ድረስ ተከትሎዎት ቢገባ የፋብሪካ ሽታ ነው ብለው ይለፉት። ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርገው ኩሽኔታው መላላቱንም አይፈትሹ። ቴስተር ይዞ መውረድማ ነውር ነው፤ ሰውን እንደ ሌባ መቁጠር ይመስላል።

ቆራሌው የቀረ ቀን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አለልዎ። እዚያ ያሉት ሰዎች በወዳደቀ ብረት ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው፤ የትኛው ሞተር ከምን ማሽን እንደወጣ አይተው ይነግሩዎታል። ስለዚህ ምንም አይጠይቋቸው። የቦሌ ሰው ጠየቀ ከተባለ ዋጋ ይጨምራል።

ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ቀለም መቀባት ነው። ሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ታርጋ አለች፤ እሷ ላይ ደግመው ይቀቡ። ቮልት፣ ኸርዝ፣ አምፔር፣ በደቂቃ ስንት ዙር፣ ያለማቋረጥ ይሠራል ወይስ እያረፈ፣ ሁሉም እዚያ ተጽፏል። የተጻፈ ነገር ያስጨንቃል። በተለይ ዕቃው ከአሜሪካ በ23 ኪሎ ሻንጣ ተጭኖ የመጣ ከሆነ ፈጽሞ አያንብቡ፤ 110 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይልዎታል፣ የእኛ መስመር ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ያመጣችልኝን የጁስ መፍጫ ሞተር እንደዚሁ ሰክቼዋለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይቼ አላውቅም። አራት ሴኮንድ ገደማ ቆየ።

ትራንስፎርመር ገዝቶ ቮልቱን ማውረድ ይቻላል የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው። ይሁንና ትራንስፎርመር ኸርዙን አይለውጥም። ባለ አራት ፖል ሞተር በ60 ኸርዝ ወደ 1,800 ዙር የሚጠጋ ከሆነ በ50 ወደ 1,500 ይወርዳል፣ ከወትሮውም ይበልጥ ይግላል። ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ካለ ሻይ ይጋብዙትና ወሬ ያስቀይሩት።

ስለ ሙቀት ካነሳን፣ አብዛኞቹ ሞተሮች ታርጋቸው ላይ የተጻፈውን ጉልበት የሚሰጡት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሆነ ታስቦ ነው። የቦሌ አየር ማረፊያ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ እንዲፈልግ የሚያደርገው ስስ አየር፣ የእርስዎንም ሞተር ደህና አድርጎ አያቀዘቅዘውም። እንግዲህ እርስዎ ደግሞ የኋላ ማራገቢያውን ነቅለው ይጣሉ፤ ድምፁ ይረብሻል፣ ቦታም ይይዛል።

የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰው ከሆኑ ሞተር ፍለጋ ሩቅ መሄድም አያስፈልግዎ። እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው፤ በየግቢው ሮቶ፣ በየሮቶው ሥር ፓምፕ አለ። ውሃው በቀጠሮው ቀን ሲቀር ፓምፑ ባዶውን ሲጮህ ያድራል፣ ማሸጊያው ይነዳል፣ ባለቤቱም ተናዶ አዲስ ይገዛል። አሮጌው ከደረጃ ሥር ይጣላል። ሞተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ 370 ዋት ገደማ፣ በደቂቃ 2,900 ዙር ገደማ። ለእንጨት መቅረጫ፣ ለቢላ መሳያ፣ ለትንሽ መጋዝ የሚበቃ ነው። እኔ ያገኘሁትም ግራጫ ሞተር ትውልዱ ከዚህ ነበር።

2,900 ዙር ለእንጨት መቅረጫ ይበዛል ይሉዎታል። ሞተሩ ላይ 5 ሳንቲሜትር ፑሊ፣ ማሽኑ ላይ 20 ሳንቲሜትር ፑሊ አድርገው በቺንጋ ቢያያይዟቸው ፍጥነቱ ወደ 725 ይወርዳል፣ የመጠምዘዝ ኃይሉም አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ይህ ለፈሪ ነው። እርስዎ እንጨቱን በቀጥታ ዘንጉ ላይ ይግጠሙት። ሚዛኑን ያልጠበቀ የዋንዛ ግንድ በ2,900 ዙር ሲሽከረከር ማየት የሚችሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እድሉ አያምልጥዎ።

ፓምፑ አናት ላይ ያለችውን ሳጥን ሲከፍቱ ጣሳ የመሰለች ካፓሲተር ያገኛሉ። ሶኬቱን ስለነቀሉ ብቻ ደህና ነው ብለው በሁለት ጣትዎ ይያዟት። ካፓሲተር ቂመኛ ናት፤ መብራቱ ከተነቀለ በኋላም የያዘችውን ይዛ ትቆያለች። በሬዚስተር አስታግሶ መንካት የባለሙያ ወግ ነው። የሞተች እንደሆነ ደግሞ ምትክ ሲገዙ ጎኗ ላይ ያለውን ቁጥር አይዩ፤ «ትልቁን ስጠኝ» ይበሉ። እኔ እንዲያ ብዬ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚያምር ነገር ሰጡኝ። ለካስ ስታርት ካፓሲተር ኖሯል፤ ሞተሩን አስነስቶ በሴኮንዶች ውስጥ ከመስመር መውጣት ያለበት እንጂ እንደ ፓምፑ ካፓሲተር እስከ መጨረሻው የሚቆይ አይደለም። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። የፈነዳው እንደ ርችት ነው፤ ውስጡ ያለው እርጥብ ወረቀት እስከ ኮርኒሱ ተበተነ። በማግስቱ ሄጄ ያንኑ ዓይነት ገዛሁ።

አሁን ወደ ሞተሮች ንጉሥ እንምጣ፤ ወደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር። በኮንዶሚኒየሞቻችን ማሽኑን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የመብራቱ ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ቦርዱ ይቃጠላል፣ ሞተሩ በሙሉ ጤናው ይቀራል። ካርቦን ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጠባዩ ከፓምፑ ጋር አይገናኝም። የፓምፑ ሞተር ፍጥነቱ በኸርዙ የታሰረ ነው። ይሄኛው ግን የሚይዘው ሸክም ብቻ ነው። ሸክም ካጣ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ይጨምራል። ከበሮው በደቂቃ 1,000 ጊዜ እየዞረ ልብስ ሲጨምቅ ሞተሩ ራሱ ከ10,000 በላይ ይዞራል፤ እንዳያመልጥ የሚቆጣጠረው ያ የተቃጠለው ቦርድ ነበር።

ስለዚህ አሞካከሩ እንዲህ ነው። ሞተሩን በሞርሳ ሳያስሩ፣ በብሎንም ሳይይዙ፣ በረንዳ ላይ ባለ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ሽቦውን በቀጥታ ከ220 ያገናኙ። እኔ ይህን ያደረግኩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጀመሪያ ወደ ጎን ተንፏቀቀ፣ እንደ ሰው። ከዚያ ዘለለ። ሽቦውን ይዞ የባለቤቴን የባሲል ማሰሮ ገጭቶ፣ ከበረንዳው ብረት ጋር ሦስት ጊዜ ተላትሞ፣ ሶኬቱ ሲነቀል አየር ላይ እያፏጨ ቀረ። ሽቦው ብረቱ ላይ ተጠምጥሞ ባይይዘው ታች ልብስ የሚያሰጡት እትዬ ላይ ይወርድ ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ ቀና ብለው። «ጄኔሬተር ነው እትዬ» አልኳቸው። ውሸት ከተጀመረ አይቀር ትልቅ ይሁን ብዬ።

ዘንጉ ላይ የግራይንደር ዲስክ የመግጠም ሐሳብ እንዳለዎት አውቃለሁ። 230 ሚሊሜትሩን ትልቁን ይግጠሙ። ዲስኩ ላይ 6,600 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ከዚያ በላይ አታዙረኝ ማለቱ ነው። ሞተሩ ማንበብ አይችልም፣ እርስዎም አላነበቡም፣ እኩል ናችሁ። መከለያ ብረት አያስፈልግም፣ ፍንጣሪው እንዲታይ። የቢላ መሳያ ድንጋይ ከሆነም በእንጨት መታ አድርገው ድምፁን አይስሙ፤ ደህናው ድንጋይ ጥርት ብሎ ያቃጭላል፣ የተሰነጠቀው እንደ ተሰበረ ገል ያንቋቋል። ዳዶውን ሲያስሩ የሞተሩ አዟዟር የሚያጠብቀው ይሁን የሚፈታው አይመርምሩ። የቢላ መሳያ ማሽን የግራው ዳዶ በግራ የሚጠብቅ ጥርስ የተሠራለት ያለምክንያት ይመስልዎ እንደሆነ እንጃ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት አያቶቻችን ግራይንደር አልነበራቸውም፣ ጉዳዩን ግን ጨርሰውታል።

ስለ ልብስ፦ የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ነው፣ ጋቢ ይደርቡ። ጥለቱ ዘንጉ አካባቢ እንዲወዛወዝ ይተዉት። ከሥር ነጠላ ጫማ። ጠረጴዛው የላሜራ ይሁን፣ የኧርዙን ሽቦ ደግሞ «ሁለት ሽቦ ይበቃል» ብለው ይቁረጡት። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛውን ሲነኩ ነዘር የሚያደርግዎ ነገር መንፈስ አይደለም።

የሞቱ ፍሪጆች ኮምፕረሰርም አለ፤ እሱን በአጭሩ። ገልብጠው ይሸከሙት፣ ዘይቱ ይፍሰስ። ቱቦውን ሲጋራ እያጨሱ ይቁረጡ፤ የዛሬ ፍሪጆች ብዙዎቹ አር600ኤ የሚባለውን ጋዝ ነው የያዙት፣ እሱም የሲሊንደር ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው። አየር መንፊያ ሲያደርጉት ደግሞ ለአየር መያዣ የተጣለ የፍሪጅ ጋዝ ጣሳ ይምረጡ።

ቀጥሎ የርዕሳችን ጉዳይ። አንድ ቀን ከፈረሰ ወፍጮ ቤት የወጣ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ያጋጥምዎታል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ክብደቱ ግን የበግ ሙክት ያህላል። ቤትዎ የገባው አንድ ፌዝ ነው። አይጨነቁ፤ የቀሩትን ሁለት ፌዞች እርስዎና እኔ እንሞላለን። ታርጋው 220/380 የሚል ትንሽ ሞተር ቢሆን ኖሮ በዴልታ አስሮ፣ ለአንድ ኪሎዋት ወደ 70 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሮ፣ ጉልበቱን ሲሶ ያህል አጥቶ በአንድ ፌዝ ማሠራት ይቻላል። ሲነሳም ደካማ ነው፣ ሸክም ይዞ አይነሳም። ይህን የሚያውቁት ሞተር የሚጠመጥሙት ባለሙያዎች ናቸው፣ እርስዎ ግን ሁለቱን ሽቦ ሰክተው ሦስተኛውን በእጅዎ ይያዙ… ይህን እንኳ በፌዝም ቢሆን አልልም። አይያዙ።

ቀልዴን የምጨርስበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ያን ግራጫ የፓምፕ ሞተር በመጨረሻ ክብ መጋዝ አደረግኩት። ማብሪያው ተራ የአምፖል ማብሪያ ነበር። አንድ ማታ፣ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ጣውላ እየሰነጠቅኩ መብራት ሄደ። መጋዙ እየተጎተተ ቆመ። በጨለማ ውስጥ በጣቶቼ ዳብሼ፣ ጥርሱ መሐል የተቀረቀረችውን ስንጣሪ አወጣኋት። ጋቢዬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረግኩና ሻማ ፍለጋ ወጣሁ። ማብሪያውን ማን ያስታውሰዋል?

መብራት ሲመጣ የሰፈር ልጅ በሙሉ በአንድ ድምፅ «መጣ!» ይላል፤ ታውቁታላችሁ። የዚያን ማታ ከልጆቹ የቀደመው መጋዙ ነበር። ስደርስ ጋቢው ተጎትቶ ዘንጉ ላይ ተጠቅልሏል፣ ሞተሩ መዞር አቅቶት ያጉረመርማል፣ ጭስ ይሸታል። ባለቤቴ ሶኬቱን ነቀለች። እጄን ይዛ ገልብጣ አየችው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ። «እንኳንም ጋቢው ሆነ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

መብራት ሲሄድ ራሱን የሚያጠፋ፣ ተመልሶ ሲመጣም አረንጓዴው ቁልፍ በእጅ ካልተጫነ የማይነሳ ማብሪያ አለ። ውስጡ ያለች ትንሽ ማግኔት መስመሩ ሲቋረጥ ትለቀዋለች። የፋብሪካ መጋዞች ላይ ተገጥሞ ይመጣል፣ ለብቻውም ይሸጣል። እኔ ጋ አልነበረም።

በማግስቱ ቅዳሜ ሞተሩን ለቆራሌው ሰጠሁት። እባክዎ፣ በሰሞኑ ከሰሚት አካባቢ ከቆራሌው ላይ ግራጫ የፓምፕ ሞተር የገዙ ካሉ፣ ዘንጉ ላይ የነጭ ጥጥ ክር የቀረበት፣ እሱ የእኔ ነበር። ውስጡ ያለው ጥቁር ካፓሲተር የእሱ አይደለም፤ ሳይሰኩት ያውጡት።