አጓት በጣሳ

ሽሮ ፕሮቲን የለውም፤ በዚህ መከራከር ኋላቀርነት ነው። የሚጠራጠር ካለ ወደ ሰፈሩ ጂም ጎራ ብሎ፣ እጅጌ የሌለው ካናቴራ ለብሶ ሼከሩን የሚንጠውን ጎረምሳ ይጠይቅ። ፕሮቲን ማለት ከውጭ በጥቁር ጣሳ የሚመጣ፣ ክንዱ ከጭንቅላቱ የሚበልጥ ሰውዬ የተሳለበት የቫኒላ ዱቄት ነው። እናቱ ለቅማ፣ አምሳ፣ ያስፈጨችው ዱቄትማ ሆድ መሙያ ነው።

ልጁ ማንበብ ይወዳል። «በአንድ ስኩፕ 24 ግራም!» ይልሃል። 100 ግራም ጥሬ ምስር ክክም ያንኑ 24 ግራም ገደማ ይይዛል። እንዲያውም እሱም ገበያ ላይ የሚሰፈረው በጣሳ ነው፤ ችግሩ ጣሳው ላይ ሰውዬው አለመኖሩ ነው።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለጤናማ ጎልማሳ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ይበቃል ይላሉ፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን 56 ግራም መሆኑ ነው። 200 ግራም የጤፍ ዱቄት 26 ገደማ፣ ምስሩ 24፣ አንድ እንቁላል 6፤ ሞላ። ብረት የሚያነሳ ሰው ከዚህ በላይ ያስፈልገዋል፣ አይካድም። ግን ወጥ በጭልፋ የመድገም ቴክኖሎጂ ገና አገራችን አልገባም።

ደግሞ «የእህል ፕሮቲን ጎደሎ ነው» ይባላል። እውነት ነው። እህል ላይሲን ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ ሁለቱ በአንድ ማዕድ ባይገናኙ እንኳ በዚያው ቀን ከተበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እንግዲህ ሽሮን በእንጀራ የሚበላ ሕዝብ ከየት ይምጣ?

ለመሆኑ ያ ቫኒላ ዱቄት ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ አይብ ሲሠራ የሚቀረው ውሃ ነው፤ አጓት! ገጠር ለእረኛና ለውሻ የሚተርፈው። ፋብሪካው አጣርቶ አድርቆታልና እንደ ቤታችን አጓት ቀጭን አይደለም፤ ዋጋውም እንደዚያው። ጎረምሳችን ሁዳዴ ሲገባ ማኪያቶ ያቆማል፤ ወተት ነዋ! አጓቱን ግን ይጠጣል። በውሃ ስለተበጠበጠ ጾም ሳይሆን አይቀርም።

ፕሮቲን የምር የጎደለባቸው አሉ፦ ጡት ጥሎ አጥሚት ብቻ የሚጠጣ ሕፃን፣ ማባያ አጥቶ በቆጮ ብቻ የሚያድር ቤት። እነሱ ጂም ስለማይገቡ ስለ ፕሮቲናቸው የሚጨነቅ አሠልጣኝ የላቸውም።

አንተ ግን ወንድሜ፣ ቀን ሽሮ ማታ ምስር የምትበላው፣ የሚቀጥለውን ጣሳ ከመግዛትህ በፊት በዋጋው ስንት እንቁላል እንደሚመጣ የሰፈርህን ባለሱቅ ጠይቀው።